የምንስመው ጉልበት

በአማርኛችን ጉልበት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው፤ ሁለተኛው ኃይል ነው። «ጉልበት የለኝም» የሚል ሰው ስለ መጋጠሚያው ይናገር ስለ አቅሙ፣ ከአነጋገሩ ካልሆነ በቀር አይለይም። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም የጠሩት ቃል አጥሯቸው አይመስለኝም። የሰው ኃይል በየት በኩል እንደሚያልቅ አይተው ይሆናል። ሙሽሮች በሠርጋቸው ቀን የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ፤ በዓል ሲሆንም ልጅ ጎንበስ ብሎ የአያቱን ጉልበት ይስማል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ጉልበት ነው፤ ይልቁንም በፌርፋክስ ጎዳና ዙሪያና ከዚያም ወዲያ በሰፊው ሎስ አንጀለስ ተበትነው ስለሚኖሩት አረጋውያኖቻችን ጉልበት። የሕክምናው ዓለም አረጋዊ ሰው ለምን እንደሚወድቅ፣ ምን ቢያደርግስ እንደማይወድቅ ለማወቅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የደረሰበት ነገር ደግሞ እኛ በፍቅርና በአክብሮት ከምናደርገው ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አገር ቤትን እናስታውስ። አንዲት እናት በአንድ ቀን ስንት ጊዜ ከመሬት ትነሣ እንደነበር ማን ቆጥሮ ያውቃል? ቡና ስታፈላ የምትቀመጥባት በርጩማ ከመሬት ብዙም አትርቅም። ምስር ስትለቅም ቁጢጥ፣ እሳት ስታነድ ቁጢጥ፣ ልብስ ስታጥብ ጎንበስ። መጸዳጃውም ቢሆን ተደላድለው የሚቀመጡበት ሳይሆን ቁጢጥ የሚሉበት ነው። ገበያው በእግር ነው፤ መንገዱም ወጣ ገባ ስለሆነ እግር በየእርምጃው ማሰብ አለበት። ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም፣ በተለይም በሰሞነ ሕማማት፣ ሲሰግድ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይነሣል፤ ደግሞ ይወርዳል፤ ደግሞ ይነሣል። ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል። ቅዳሴው የሚሰማው ተቁሞ ነው፤ የደከመው መቋሚያውን ይደገፋል እንጂ ወንበር አልተዘረጋለትም። ሊቃውንቱ በማኅሌት ሲዘምሙ የሰውነታቸውን ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው፣ ከሌላው መልሰው ወደ አንዱ ያመላልሳሉ። ይህ ሁሉ ለጸሎትና ለኑሮ ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ስፖርት ብሎ የጠራው የለም። እግር ግን ለምን እንደሚሠራ አይጠይቅም፤ ከሠራ ይበረታል።

አገር ቤት ሰው አይወድቅም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰው ከመውደቅ በሚመጣ ጉዳት ይሞታል፤ ከዚህም ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የእኛም ሰው ሲወድቅ ኖሯል። የወደቀው ሰው ወጌሻ ይጠራለታል፤ ወጌሻው ያሻል፣ ይጠግናል፣ በቀርከሃ ያስራል። ብልሃቱ ሁሉ ከወደቁ በኋላ ነው። ከመውደቅ በፊት ስላለው ጊዜ የሚያስብ ባለሙያ እኛም አልነበረን፤ ፈረንጆቹም ቢሆኑ፣ ኋላ እንደምናየው፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልነበራቸውም።

ወደዚህ ከተማ ያመጣጣችንን ነገር አንባቢ ያውቀዋል። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ በሱዳን በኩል የመጣው፣ ለትምህርት መጥቶ በደርግ ምክንያት እዚሁ የቀረው፣ ኋላም በ1990 በወጣው ሕግ በተፈጠረው ዲቪ የደረሰው፣ አብዛኛው ሲመጣ ወጣት ነበር። በኦሎምፒክ ቡሌቫርድና በዊትዎርዝ መካከል ባለችው የፌርፋክስ ቁራጭ ላይ ምግብ ቤቶቻችን ሲከፈቱ ስለ ጉልበት የሚያስብ አልነበረም። በ2002 የከተማው ምክር ቤት ቦታዋን ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሲሰይማት በአርባዎቹ ውስጥ የነበረው ሰው ዛሬ ስድሳዎቹን አጋምሷል፤ ሰባውንም ያለፈ አለ። ከእሱ በላይ ደግሞ ልጆች ዜግነት አግኝተው ያስመጧቸው እናቶችና አባቶች አሉ።

የእነዚህ እናቶችና አባቶች የሎስ አንጀለስ ውሎ እንዴት ያለ ነው? ልጆች ጠዋት ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በዚህ ከተማ መኪና የማይነዳ ሰው ግማሽ እስረኛ ነው። ሳሎኑ ምንጣፍ ነው፤ ሶፋው ሰው የሚውጥ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ከሶፋው ፊት ለፊት ነው። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ፣ ተቁሞ ወይም ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይፈላል። በብዙ ስደተኛ አብያተ ክርስቲያናትም ወንበር ተደርድሯል። አረጋዊቷ ከሶፋው ለመነሣት እንደ መቃጣት ሲሉ ደግሞ ልጅ ከወዲያ ሮጦ ይመጣል፤ «እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ አመጣዋለሁ»። ይህ የጨዋ ልጅ ንግግር ነው። ጧሪ ማለት እንዲህ ያለ ነው ብለን ነው ያደግነው። ውሃው ይመጣል፣ ነጠላው ይመጣል፣ ስልኩም ይመጣል። በቀን ሃያ ጊዜ ይነሣ የነበረው ሰውነት በቀን አራት ጊዜ መነሣት ይጀምራል። በዓመቱም ሲነሣ እጁን ሳይደገፍ አይሆንለትም።

እንግዲህ የሕክምናው ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል። ይህ «ይቀመጡ» የሚለው ነገር የእኛ ብቻ አልነበረም። የፈረንጅ ሐኪም ራሱ ለብዙ ዘመን የሚያዘው መድኃኒት አልጋ ነበር። ሽማግሌ ከታመመ ይተኛል፤ ከወደቀም ይተኛል። በ1935 ዶክተር ማርጀሪ ዋረን የተባሉ እንግሊዛዊት ለንደን አጠገብ በሚገኘው የዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል፣ ቀድሞ የድሆች መጠለያ በነበረ ክፍል ውስጥ የተኙ ከ700 በላይ ሕሙማንን ተረከቡ። ብዙዎቹ አይድኑም ተብለው ዓመታት አልጋ ላይ የከረሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ዶክተሯ አንድ በአንድ መርምረው፣ ከአልጋ አስነሥተው፣ ማስኬድ ጀመሩ። ብዙዎቹም ሄዱ፤ ወደ ቤታቸው የተመለሱም ነበሩ። የአረጋውያን ሕክምና የሚባለው ሙያ በብሪታንያ የተወለደው ከዚያ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1947 ደግሞ ዶክተር ሪቻርድ አሸር «የመተኛት አደጋዎች» የሚል ጽሑፍ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። አልጋ መድኃኒት መስሎ ጡንቻን፣ አጥንትን፣ ሳንባን እንዴት እንደሚበላ የዘረዘሩበት ነው። ነገሩ ከብዙ ዓመት በኋላ በሚዛን ተረጋገጠ። በ2007 በአርካንሶ የወጣ ጥናት ጤነኛ የሆኑ 12 አዛውንቶችን ለ10 ቀን አልጋ ላይ አዋለ፤ ሲነሡ ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀንሶ ተገኘ። በ10 ቀን! በሶፋ ላይ ያለፈውን ክረምትና በጋ አንባቢ ያስላው።

መውደቅን ራሱን የቻለ ጉዳይ አድርገው ካዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የዎልቨርሃምፕተኑ ዶክተር ጆሴፍ ሼልደን ናቸው። በ1948 ባሳተሙት የከተማቸው አረጋውያን ጥናት ላይ መውደቅ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ አሳዩ፤ በ1960 ደግሞ 202 ሰዎች 500 ጊዜ የወደቁትን እየመረመሩ የት፣ መቼ፣ እንዴት እንደወደቁ ጻፉ። ደረጃው፣ ጨለማው፣ እንቅፋቱ፣ ድንገት የሚከዳው እግር ሁሉ እዚያ አለ። በ1982 ሌሎች ሁለት ሐኪሞች፣ መርፊና አይዛክስ፣ ከወደቁ በኋላ የሚመጣውን ፍርሃት ስም ሰጡት። የወደቀ ሰው አጥንቱ ባይሰበርም ልቡ ይሰበራል። ግድግዳ እየያዘ፣ ሰው እየጨበጠ ይሄዳል፤ ቀስ በቀስም መሄዱን ይተዋል። ስለተወ ይደክማል፤ ስለደከመ ይወድቃል። «ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ» የሚለው ተረታችን ለሌላ ነገር ደህና ነው፤ ለዚህ ግን ክፉ ምክር ነው።

ይሁን እንጂ እስከ 1980ዎቹ ድረስ መውደቅ የእርጅና ዕጣ ፈንታ ነው የሚለው አስተሳሰብ አልተነቀለም ነበር። በ1988 የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ዶክተር ሜሪ ቲኔቲ በቤታቸው የሚኖሩ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 336 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ከሦስቱ አንዱ ያህል ወደቀ። ዋናው ቁም ነገር ግን ማን እንደወደቀ ነው። የእንቅልፍና የማረጋጊያ ክኒን የሚወስደው፣ እግሩ የደከመው፣ ሚዛኑና አረማመዱ የተበላሸው፣ የእግር መዳፉ የታመመው፣ አእምሮው የዛለው ነው። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም ከሌለበት ሰው የመውደቅ ዕድሉ 8 በመቶ ነበር፤ አራትና ከዚያ በላይ ያለበት ሰው ደግሞ 78 በመቶ። ዕድሜ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ልዩነት ከየት ይመጣል? ምክንያት ያለው ነገር ደግሞ መላ አለው። ቲኔቲ በ1994 ይህንኑ በተግባር አሳዩ፤ 301 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን መድኃኒቱ ተስተካክሎለት፣ የእግርና የሚዛን እንቅስቃሴ ተሰጥቶት ዓመት ቆየ። ከዚህኛው ወገን 35 በመቶ ወደቀ፤ ከሌላው 47 በመቶ።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የ1990ው የቦስተን ሙከራ ነው። ቦታው የአይሁዳውያን አረጋውያን መጦሪያ ነው። (የእኛም ፌርፋክስ ከእኛ በፊት የአይሁዳውያን ሰፈር እንደነበር የቆየ ሰው ያስታውሳል።) ዶክተር ማሪያ ፊያታሮን ዕድሜያቸው በአማካይ 90 የሆነ 10 ሰዎችን መረጡና ክብደት አስነሷቸው። በእጅ አይደለም፤ በእግር፣ ጉልበትን እያጠፉ እየዘረጉ። ቀልድ የመሰለው ሰው ብዙ ሳይሆን አይቀርም። ከስምንት ሳምንት በኋላ የእግራቸው ኃይል በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ፤ ማለትም ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆነ። ሁለቱ ከዘራቸውን ተዉ። በዘጠና ዓመት ጡንቻ ይታዘዛል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የሙከራው ሌላ ገጽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ሰዎቹ መሥራት ባቆሙ በአራት ሳምንት ውስጥ ካገኙት ኃይል ሲሶው ያህል ጠፋ። ጉልበት እንደ ባንክ ገንዘብ ተቀምጦ አይቆይም።

በ1996 ከአትላንታ ሌላ ወሬ ተሰማ። በኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ስቲቨን ዎልፍና ባልደረቦቻቸው 70 ዓመት ያለፋቸውን 200 ሰዎች በሦስት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን በኮምፒዩተር በሚመራ ዘመናዊ የሚዛን ማሠልጠኛ ላይ ቆመ። ሁለተኛው ታይ ቺ የሚባለውን የቻይና ጥንታዊ እንቅስቃሴ ተማረ። ሦስተኛው ትምህርትና ውይይት ብቻ ተሰጠው። በ15 ሳምንቱ ሥልጠና በተደጋጋሚ የመውደቅን አደጋ በ47.5 በመቶ የቀነሰው ታይ ቺው ሆነ። ኮምፒዩተሩ ይህን አላመጣም። ታይ ቺ ማለት፣ ላላየው ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ጉልበትን ትንሽ አጠፍ አድርጎ፣ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያሻገሩ መንቀሳቀስ ነው። ስለ ዝማሜ ከላይ የጻፍኩትን እዚህ ላይ አንባቢ ቢያስታውስ አይከፋም። በ2018 ደግሞ በኦሪገን ዶክተር ፉጆንግ ሊ በ670 ሰዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ ለመውደቅ የተጋለጡ አረጋውያን ታይ ቺ ሲሠሩ፣ ሰውነታቸውን ከሚያፍታቱት ብቻ ጋር ሲነጻጸሩ፣ የመውደቃቸው ብዛት በ58 በመቶ ያነሰ ሆነ። ታይ ቺ ሃይማኖት አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ በእኛ መካከል ይነሣል፤ ተገቢም ነው። በኦሪገን የሚሰጠው ከስምንት እንቅስቃሴዎች የተውጣጣ የሚዛን ልምምድ ነው፤ ሐኪም ሊያዘው የሚችል ነው። ልቡ የማይቀበለው ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ እሱም ከኒውዚላንድ የመጣው ነው።

በዱኒደን ከተማ በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ጆን ካምቤል፣ ክሌር ሮበርትሰንና ጓደኞቻቸው ያሰቡት አዳራሽና መኪና የማያስፈልገው ነገር ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ራሱ ወደ አረጋዊው ቤት ይሄዳል፤ ጥቂት እንቅስቃሴዎች ያስተምራል፤ እየተመላለሰም ያከብዳቸዋል። በቁርጭምጭሚት ላይ ትንሽ ክብደት አስሮ ጉልበትን መዘርጋትና ማጠፍ፤ እግርን ወደ ጎን ማንሳት፤ በእግር ጣት መቆም፣ በተረከዝ መቆም፤ ከወንበር ያለ እጅ መነሣት፤ አንዱን እግር ከሌላው ፊት እያስነኩ መራመድ፤ ወደ ኋላና ወደ ጎን መሄድ፤ በአንድ እግር መቆም። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፤ በዚያ ላይ በሌሎቹ ቀኖች በእግር መንሸራሸር። በ1997 የወጣው ውጤት 80 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው 233 ሴቶች ላይ የተገኘ ነው። እንቅስቃሴውን የሠሩት በዓመት ውስጥ 88 ጊዜ ወደቁ፤ ያልሠሩት 152 ጊዜ። ኋላ አራት ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩም መውደቁ በ35 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህ ፕሮግራም ኦታጎ እየተባለ ዛሬ በአሜሪካም ይሠራበታል። መኪና ለማትነዳው እናታችን የተቆረጠ ልብስ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «እኔ ዎክ አደርጋለሁ፤ ይበቃኛል» የሚል ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። መንሸራሸር ለልብ፣ ለስኳር፣ ለመንፈስም መልካም ነው። መውደቅን ግን ብቻውን አይከላከልም። በ1997 በእንግሊዝ ክንዳቸው ተሰብሮ የዳነ ሴቶች ፈጠን ብለው እንዲሄዱ ቢደረግ ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት ወደቁ። ሚዛኑ ያልተስተካከለ ሰው በፍጥነት ቢሄድ በፍጥነት ይወድቃል፤ ነገሩ ቀላል ነው። በ2019 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 108 ሙከራዎችን፣ ከ23 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ አየ። እንቅስቃሴ የመውደቅን ብዛት በ23 በመቶ ይቀንሳል፤ ሥራውን በዋናነት የሚሠራው ግን ሚዛንን የሚፈትነውና እንደ መነሣት መቀመጥ ያለው የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ነው ብሎ ደመደመ። በሳምንት ሦስት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ጥቅሙ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር የተሠራ እንዳይመስል ወደ ካሊፎርኒያ እንመለስ። በ1984 ኢትዮጵያ ከሶሻሊስት አገሮች ጋር አድማ ስለመታች ሯጮቻችን የሎስ አንጀለስን ኦሎምፒክ ሳያዩ ቀሩ። በዚያው ዓመት፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በሎንግ ቢች ወደብ፣ ጃክ ላላን የሚባሉ የ70 ዓመት ካሊፎርኒያዊ እጅና እግራቸው ታስሮ 70 ጀልባ እየጎተቱ ዋኙ። ትርዒት ነው፤ ትርዒት መሆኑን እሳቸውም ያውቁታል። ቁም ነገራቸው ሌላ ነው። ከ1951 ጀምሮ በቴሌቪዥን ቀርበው ለቤት እመቤቶችና ለአዛውንቶች ያስተምሩ የነበሩት ስፖርት መሣሪያው አንድ የወጥ ቤት ወንበር ነበር። ሐኪሞች በዚያን ጊዜ ይሥቁባቸው ነበር፤ ሰውየው በ2011 በ96 ዓመታቸው አረፉ።

ያቺኑ ወንበር በ1999 የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አነሷት። በኦሬንጅ ካውንቲ፣ በፉለርተን በሚገኘው የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ጄሲ ጆንስና ሮበርታ ሪክሊ የአረጋውያንን የእግር ኃይል የሚለካ ቀላል ፈተና አዘጋጁ። ዛሬ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለሐኪሞች የሚመክረው ይህንኑ ነው። ወንበሩ ክንድ የሌለው፣ ጀርባው ግድግዳ የተደገፈ ይሁን። ሰውየው መሐሉ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣምር። ከዚያ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስንት ጊዜ ቆሞ እንደሚቀመጥ ይቆጠር። ከ65 እስከ 69 ዓመት ያለች ሴት ከ11 በታች፣ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ፤ ከ75 እስከ 79 ያለች ሴት ከ10 በታች፣ ወንድ ከ11 በታች ከሆነ፤ ከ80 እስከ 84 ያለች ሴት ከ9 በታች፣ ወንድ ከ10 በታች ከሆነ እግሩ ደክሟል፤ ለመውደቅ ተጋልጧል ማለት ነው። እጁን ካልተደገፈ ጨርሶ መነሣት ያልቻለ ሰው ዜሮ ይያዝለታል። (በእኛ ዘንድ ፓስፖርት ላይ ያለው ዕድሜ አንዳንዴ በግምት የተሞላ ስለሆነ፣ ለዚህ ፈተና እንኳ እውነተኛው ቢወሰድ ደግ ነው።) ሲፈተኑ አጠገባቸው ሰው ይቁም።

ፈተናውም መድኃኒቱም አንድ መሆኑን አንባቢ ልብ ብሏል። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። ጠዋት አምስት፣ ማታ አምስት ተብሎ ሊጀመር ይችላል፤ ወንበሩ ከፍ ካለ ይቀላል፣ ዝቅ ካለ ይከብዳል፤ ከወራት በኋላ በርጩማ ላይ መድረስ ይቻል ይሆናል። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዞ በጣት መቆም፣ ከዚያ በአንድ እጅ ብቻ መያዝ፣ ከዚያ በአንድ ጣት መንካት። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያለው ጊዜ ይበቃል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ መነሣት ቢጨመርበት ደግሞ ይበልጥ መልካም። ሲነሣ ዓይኑ የሚጨልምበት፣ ደረቱን የሚያመው፣ ጉልበቱ ወይም ዳሌው በቅርብ የተቀየረለት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ስግደት የተዉትም ቢሆኑ በአንድ ጊዜ ወደ መሬት እንዳይወርዱ፤ መጀመሪያ ወንበር ተደግፈው ይልመዱት።

ልጆችስ? እማማ ለውሃ ሲነሡ ከወንበራችን ብድግ ማለታችን አይቀርም፤ ያደግንበት ነው። ሮጦ ውሃውን ማምጣት ቀርቶ አብሮ ተነሥቶ ከጎን መሄድም አክብሮት ነው። ይህን ለአንድ ሰው ብናገር «ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ። እንግዳ ባለበት ቤት እናቱ ራሳቸው ስኒ ሲያነሡ ቢታዩ ልጁ ያልተቀጣ ይመስላል። ይህን ይሉኝታ ማቃለል አልፈልግም፤ ከባድ ነገር ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች ከአራቱ ከአንዱ በላይ በየዓመቱ ይወድቃል፤ ሦስት ሚሊዮን ገደማ የሚሆነው ለድንገተኛ ሕክምና ይወሰዳል። የዳሌ ስብራት ያገኘው ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ አካሄዱ አይመለስም። የእንግዳው ሐሜት ከዚህ ጋር ይመዘን።

ሐኪም ቤትን በተመለከተ ለአስተርጓሚ ልጆች አንድ ቃል አለኝ። ከ2011 ጀምሮ ሜዲኬር በዓመት አንድ ጊዜ ያለ ክፍያ የጤና ምክክር ቀጠሮ ይሰጣል፤ ስለ መውደቅም ይጠየቃል። ጥያቄው ሲመጣ የእኛ አረጋውያን መልስ የታወቀ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ»። ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት መውደቃቸውን ልጅ እንዳይደነግጥ፣ ወይም ብቻቸውን መሆን እንዳይከለከሉ ብለው ይደብቁታል። ስለዚህ አስቀድሞ ቤት ውስጥ፣ ሳይቆጡና ሳይደነግጡ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የት ወደቁ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሊያደርጉ ሲሉ፣ ያን ቀን ምን ክኒን ወስደው ነበር፣ ራሳቸው ተነሡ ወይስ ሰው አነሣቸው። ይህን በወረቀት ጽፎ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውንም ጭምር፣ በከረጢት ይዞ መሄድ ነው። ሐኪሙ ፊዚዮቴራፒ እንዲያዝ፣ ፊዚዮቴራፒስቱም ኦታጎን ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። በቡድን መሥራት የሚወድ ደግሞ የሎስ አንጀለስ ከተማም ሆነ ካውንቲው በ1965ቱ የአረጋውያን ሕግ መሠረት የአረጋውያን ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስላላቸው፣ በአቅራቢያው የሚሰጥ የሚዛን ወይም የታይ ቺ ትምህርት መኖሩን ከእነሱ ይጠይቅ።